የአቶ ደምሌ አሜን

አቶ ደምሌ የሚባል የእህል ነጋዴ መውጫዬን ሊዘጋብኝ የተነሳው ሚሊኒየሙ ከመግባቱ በፊት በነበረው በጋ ነው። ስሙን የቀየርኩት ለልጆቹ ብዬ እንጂ ለሱ አዝኜ አይደለም። የቆቦ ሰው ሲያነበው ያውቀዋል። ብዙ ዓመት አልፏል፤ እኔ ግን አንዲት ነገር አልረሳሁም።

ቤቴ ከገበያው ጀርባ ነው። ከደጄ ተነስታ በአቶ ደምሌ መጋዘን ጎን አልፋ አስፋልቱ ላይ የምትወጣ ጠባብ መንገድ አለች። ሌላው መውጫ በጎርፍ መውረጃው በኩል ነው። በዚያ ጋሪ አይገባም፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ሰውም አያልፍበትም። እህቴ ዘሃራ እግሯን ከያዛት ቆይቷል፤ ጤና ጣቢያ የምትሄደው በጋሪ ነው። መንገዷ ከተዘጋች ዘሃራ ቤት ውስጥ መቅረቷ ነው። አቶ ደምሌ ይህን እያወቀ መንገዷን ከመጋዘኑ ግቢ ጋር ለመቀላቀል አመለከተ። ምክንያቱን ሲጠይቁት "የሌባ መደበቂያ ሆናለች" አለ።

ማዘጋጃ ቤቱ ሕዝቡን ለውይይት ጠራ። ጉዳዩ ሁለት ነበር። ጠዋት ከተማው ሰብዓዊ መብትን የሚያስከብርበት ረቂቅ መመሪያ፣ ከሰዓት በኋላ የመንገዷ መዘጋት። እንዲህ አድርጎ ያገጣጠመው ማን እንደሆነ አላውቅም።

ጠዋት ከላይ የመጣ ባለሙያ ሲያስረዳን አረፈደ። ማንም ሰው በሚነካው ጉዳይ ላይ ሳይደመጥ ሊወሰንበት አይገባም አለ። ጥሩ ተናጋሪ ነበር። አጨበጨብን። አቶ ደምሌም አጨበጨበ።

ለሻይ ስንወጣ አቶ ደምሌ ለስላሳ ይዞልኝ መጣ። ከዚያ በፊት ውሃ እንኳ ሰጥቶኝ አያውቅም።

"እመት ሰዓዳ፣ የከሰዓቱን መርቀው የሚከፍቱልን አንቱ ነዎት።"

"ምነው፣ ሽማግሌ ጠፋ?"

"ሴት ትቅደም ተብሏል። መብት ነው እኮ!" ብሎ ሳቀ።

ትንሽ ቆይቶ ሰብሳቢውን በር ላይ ይዞ ሲያወራው ሰማሁት። "እሷ ከመረቀች ጨረስን። የመረቀ ሰው ተመልሶ አይከራከርም" ይለዋል። እውነቱን ነው። በእኛ አገር ስብሰባ መርቆ የከፈተ ሰው የሁሉም ነው፤ ለራሱ ቢሟገት ነውር ነው። አክብሮ አፌን ሊያስይዘኝ ነው። አጠገቤ የቆሙት ጎረቤቶቼም ሰምተዋል። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። እነሱንም አልረሳኋቸውም።

ለስላሳውን ጠጣሁና ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢው ስሜን ጠራ። ተነሳሁ። እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘረጋ።

"ዝናቡን በጊዜው ያምጣልን" አልኩ።

"አሜን!"

"ማሽላችንን ከተምች ይጠብቅልን።"

"አሜን!"

"ለታመመው አፊያ ይስጥልን።"

"አሜን!"

ምርቃት አንዴ ከተያዘ አፍ ራሱ እየቀደመ አሜን ይላል። እኔም ድምፄን ሳልለውጥ ቀጠልኩ።

"የእህቴን የዘሃራን መውጫ አይዝጋብን።"

"አሜን!"

"በመጋዘኑ ጎን የምታልፈውን መንገድ ለልጅ ልጆቻችን ክፍት ያድርግልን።"

"አሜን!"

"ልዝጋት ያለውንም ልቡን ያራራልን።"

"አሜን!" አዳራሹ ተናወጠ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው አቶ ደምሌ እጁን እንደዘረጋ ነበር። አፉንም አይቼዋለሁ፤ ብሏል።

ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራርጎ "እንግዲህ በመንገዷ መዘጋት ላይ አስተያየት ያለው" አለ።  ከሮቢት መጥተው እኛ ሰፈር የከተሙ አባ ሙሔ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሱ።

"ልጄ፣ አሁን አሜን ብለን በየትኛው አፋችን ትዘጋ እንበል?"

"ምርቃት መስሎኝ ነው እንጂ!" አለ አቶ ደምሌ።

"ታዲያ ምን ነበር? ምርቃት እኮ ነው። ካልፈለግከው ተነስና አሜኔን መልሱልኝ በል።"

ሰው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ደምሌ አልተነሳም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምርቃት የሚመልስ ማን አለ? ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰውዬ "አሜኑን ልጻፈው?" ብሎ ጠየቀ። የጠዋቱ ባለሙያ ሳቁን ማቆም አቅቶት በእጁ ጻፍ አለው። እጅ ሲወጣ ትዘጋ ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ያን ቀን ዝም ያሉት ጎረቤቶቼ ስንወጣ ሊያቅፉኝ መጡ። እጄን ብቻ ሰጠኋቸው። ቂም የለኝም ብዬ አልዋሽም፤ ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን ደስ ይለኛል፤ ብቻዬንም እስቃለሁ።

በሳምንቱ ግንበኛ ጠርቼ ከደጄ ጎን፣ ከአቶ ደምሌ መጋዘን በር ትይዩ፣ የድንጋይ መደብ አሠራሁ። በየቀኑ ከሰዓት፣ የአስርን ሶላት ከሰገድኩ በኋላ ዘሃራን ይዤ እቀመጥበታለሁ።