ፋጡ ያላየችው መስመር

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች መሬት ተናደባት። በ1961 ዓ.ም. ከሁሩታ በላይ ባለ የገረጋንቲ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ መንገድ ይሠራ ስለነበር ቀዩን ገረጋንቲ በጆንያ ተሸክመው ወደ መኪናው የሚያወጡት የአካባቢው ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ፋጡ ከእናቷ ጋር እንደወረደች የጉድጓዱ ግድግዳ ተደርምሶ እስከ አንገቷ ዋጣት። በአካፋ ማውጣት አልተቻለም፤ አካፋ ባረፈ ቁጥር ከላይ ያለው ይንሸራተታል። ሰዎቹ ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት በእጃቸው ሲቧጥጡ ዋሉ። «አታልቅሺ፤ ደረትሽ ከተነሳ አፈሩ ይወርዳል» አሏት። አላለቀሰችም። የግራ እጇን ሁለት ጣቶች ለጉድጓዱ ትታ ወጣች።

አሰላ ውስጥ ስለ ሹማምንት የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ ስለ ፋጡ ከዲሮ እጽፋለሁ።

በሃያ ዓመቷ ሹፌር አግብታ አዲስ አበባ ገባች። ባሏ በመኪና አደጋ ሲሞትባት ድንጋይ በሚመረመርበት አንድ ቤተ ሙከራ በጽዳት ተቀጠረች። አቶ ገብረሥላሴ የሚባሉ ቴክኒሺያን ድንጋይ የሚፈጩት እዚያ ነበር። ድንጋዩ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ስሱ ቁራጭ መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ በውሃና በደቃቅ ዱቄት ይፈገፈጋል። ከፀጉር መቅጠን አለበት። ትንሽ ካበዙት ታጥቦ ይሄዳል፤ ካሳነሱት ምንም አይታይም። ልኩን የሚናገረው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ቢጫ ከሆነ ገና ነው፣ ግራጫ ሲሆን በቃ።

ፋጡ ወለል እየጠረገች ይህን ሁሉ ስታይ ሁለት ዓመት ቆየች። አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ አንድ ድንጋይ ላበላሽ ይፍቀዱልኝ» አለቻቸው።

«በአንድ የሚቆም ይመስልሻል?»

«አይቆምም። ግን ከአንድ ይጀመራል።»

ሳቁና ሰጧት። አሥራ አራት ካበላሸች በኋላ አሥራ አምስተኛው ግራጫ ሆነ። አቶ ገብረሥላሴ ጡረታ ሲወጡ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት፤ መዝገቡ ላይ ግን ለዓመታት «ጽዳት» ተብላ ኖራለች።

አንድ ጊዜ አንድ ተመራማሪ ከጋና ድንጋይ አመጡ። ክብ ሐይቅ ካለበት ስፍራ የተወሰደ ነው፤ ሐይቁን የቆፈረው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከሰማይ የወደቀ ትልቅ ድንጋይ ነው። ፋጡ ፈጭታ ስታየው በኳርትዙ ውስጥ ቀጥ ያሉ፣ እጅግ የቀጠኑ፣ ጎን ለጎን የተሰለፉ መስመሮች አገኘች። በእነሱ ላይ በሌላ አቅጣጫ ሌሎች ተሰልፈዋል። ተመራማሪው አስረዷት፦ ያን መስመር የመሬት መንቀጥቀጥ አያሰምረውም፣ እሳተ ገሞራም አያሰምረውም። ከመቶ ሺህ የአየር ግፊት በላይ በቅጽበት ሲያርፍበት ብቻ ማዕድኑ እንዲህ ይሰበራል። ጉድጓዱ በደለል ሊሞላ፣ ጠርዙ በዝናብ ታጥቦ ሊጠፋ ይችላል፤ መስመሩ ግን በደቃቋ የማዕድን ፍሬ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ትርፍ ቁራጭ ሰጧት፤ እሷም እንደ ወርቅ ያዘችው።

በ2012 ጡረታ ወጥታ አሰላ ገባች። የሥራ ባልደረቦቿ ከአገልግሎት የወጣ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ገዝተው ሸኟት፤ በመብራት ሳይሆን በመስታወት የፀሐይ ብርሃን እየተቀበለ የሚሠራ ዓይነት ነው።

ከሁሩታ በላይ፣ ወንድሟ ሊበን ከሚያርስበት ዳገት ላይ፣ ቦሎ ጉዳ የሚባል ትልቅ ክብ ጉድጓድ አለ። አምና መምህር አሳምነው ጉድጓዱን የቆፈረው ከሰማይ የወደቀ ኮከብ ነው ብለው ተነሱ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድበው የመጡ፣ ትጉህና ቅን ሰው ናቸው። ማስረጃቸው በጠርዙ ላይ የለቀሙት ጥቁር የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ነበር። ሽማግሌዎቹ «የመብረቅ ድንጋይ ነው» ሲሏቸው፣ ኮከቡ ያቀለጠው መስታወት ነው ብለው ጻፉ። የእኛ አገር ልጅ ሁሉ እግሩን የቆረጠበት ባልጩት መሆኑን የነገራቸው የለም። እኛም እያወቅን ዝም አልን፤ ምክንያቱም ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ ጎብኚ ይመጣል ተብሏል፣ ጎብኚ ከመጣ ደግሞ መንገድ ይመጣል። ሊበን እህሉን ወደ ገበያ የሚያወርደው በአህያ ነውና መንገዱን ከማንም በላይ የሚፈልገው እሱ ነበር።

የባለሙያ ፊርማ ሲያስፈልግ ወደ ፋጡ መጡ። «መጀመሪያ ልይ» አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲሆን ፈልጋ ነበር። የአባቷ አገር ነው። በስድሳ አምስት ዓመቷ ጠርዙን ሦስት ጊዜ ዞራ ሃያ ሁለት ድንጋይ አመጣች፣ ክረምቱን ሙሉ በእጇ ፈጨች። መስመር የለም። ፍሬዎቹ ሁሉ ደህና ናቸው፤ በዙሪያቸው ያለው ቀልጦ ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው።

«አልፈርምም» አለች። ያለ ፊርማዋም ለጎብኚ የሚተከለው ሰሌዳ ተጻፈ፤ ስሟም ሳትጠየቅ ከታች «በባለሙያ የተረጋገጠ» ከሚለው ጎን ገባ።

ሰሌዳው በሚተከልበት ጠዋት እኔም ነበርኩ። ሊበን የምሰሶውን ጉድጓድ ቆፍሮ ጨርሶ ዲጂኖውን ተደግፎ ቆሟል። ፋጡ ማይክሮስኮፑን በነጠላ ጠቅልላ መጣች፤ በሌላ እጇ እናቷ በሠርጓ ቀን የሰጠቻትን በትር፣ ሲንቄዋን ይዛለች።

«ወይዘሮ ፋጡ፣ እንኳን መጡ!» አሉ መምህር አሳምነው።

«ስሜን ለማስፋቅ ነው የመጣሁት፣ መምህር።»

«ክብር እኮ ነው።»

«የሌላ ሰው ክብር ነው፤ የኔ አይደለም።»

ከኋላ አንዱ ጎልማሳ፣ «መጥረጊያ ይዛ የተማረች ምሁር!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ሳቀ።

«አዎ፣ መጥረጊያ ይዤ ተማርኩ» አለች ወደ እሱ ዞራ። «አንተ ምን ይዘህ ደነቆርክ?» ይኼን ጊዜ ሳቁ ዞሮ እሱ ላይ ወደቀ።

ሊበን ግን አልሳቀም። «እህቴ፣ ተይ። የሰው እንጀራ አትዝጊ» አለና ምሰሶውን አነሳ።

ፋጡ ሲንቄዋን እሱ በቆፈረው ጉድጓድ አፍ ላይ አጋደመችው።

ሁሉም ቆመ። አርሲ ውስጥ ሴት ያጋደመችውን ሲንቄ ወንድ አይሻገርም፤ አቤቱታዋ ሳይሰማ አይነሳም። ሊበን ምሰሶውን በትከሻው እንደያዘ ቀረ። ከሽማግሌዎቹ ታላቅ የሆኑት ኦቦ ቱፋ ቀስ ብለው መጡ።

«ሲንቄ ተጋድሟል። ተናገሪ፣ ልጄ።»

«መናገር አልፈልግም፣ ኦቦ ቱፋ። ማሳየት ነው።»

ማይክሮስኮፑን ለእንግዶች በተዘጋጀው ጠረጴዛ ላይ አድርጋ መስታወቱን ወደ ፀሐይ አዞረች። መጀመሪያ የጋናውን፣ ቀጥላ የቦሎ ጉዳን አስቀመጠች። ሰው ሁሉ ተሰልፎ አየ። ኦቦ ቱፋ ዓይናቸውን ካስጠጉ በኋላ፣ «የመጀመሪያው ተመትቷል» አሉ። «ይኼኛው ማንም አልነካውም።» እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው።

መምህር አሳምነው መጨረሻ ላይ ጎንበስ አሉ። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ አዩ።

«ምናልባት በሌላ ድንጋይ ውስጥ...»

«ሃያ ሁለት ፈጭቻለሁ። ሃያ ሦስተኛውን እርስዎ ያምጡ፣ እሱንም እፈጫለሁ። መስመር ካገኘሁ እኔው ነኝ ምሰሶውን የምሸከመው።»

መምህሩ ቀና ብለው ሰሌዳውን ተመለከቱ። «ምሰሶውን አውርደው፣ ሊበን» አሉ። ፋጡ ያኔ ሲንቄዋን አነሳች።

መንገዱ አልመጣም። ሊበን ሰባት ወር አላነጋገራትም፤ ለኢድ ቤቷ ሲመጣ እንኳ ሰላምታው ከበር ነበር። ሁሩታ ገበያ ላይ «ኮከባችንን የገደለች» የሚሏት አሉ። ስትሰማ ዘንቢሏን ይዛ በመካከላቸው ታልፋለች፤ ዞራ አትሄድም።

ባለፈው ሳምንት፣ ከሠራሽው ሁሉ የቱ ይበልጥብሻል ብዬ ጠየቅኳት። የጋናውን ትላለች ብዬ ነበር። እንዲህ አለችኝ፦

«ለሠላሳ ዓመት ሰዎች ድንጋይ እያመጡ 'ምን አየሽ?' ይሉኝ ነበር። አየሁ ማለት ቀላል ነው፣ ሁሉም ይወድሻል። እኔ ግን በገዛ አገሬ፣ በገዛ ወንድሜ ፊት፣ አላየሁም አልኩ። ዛሬም ቢጠይቁኝ አላየሁም። የኔ ትልቁ ሥራ እሱ ነው።»