ሽማግሌ ሲመጣ አትሳቂ

«እማ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ብዙ አትሳቂ፣ እሺ?»

ይህን ያለችኝ የገዛ ልጄ ናት። ሮቤ ካለችው ትንሽ ሱቄ ውስጥ ቆሜ ስኳር እየመዘንኩ ነበር፤ እጄ ሚዛኑ ላይ ደርቆ ቀረ። አምጬ የወለድኳት፣ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ለጋብቻዋ ሽማግሌ ሊመጣ ሲል አትሳቂ ትበለኝ? ወላሂ፣ በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ለምን እንዳለችኝ ግን አላጣሁትም። ጥርሴ ቡናማ ነው። ቡናማም ብቻ አይደለም፣ ፊት ለፊት ያሉት ቦርቦር ቦርቦር ያሉ ናቸው። የተወለድኩት እዚህ ደጋ ላይ አይደለም፤ ታች ስምጥ ሸለቆ፣ ሜዳው ላይ ነው። የዚያ ቀበሌ ልጅ ሁሉ ጥርሱ እንዲህ ነው። ለምን ብለን ስንጠይቅ «ሙቀቱ ነው» ይሉናል፣ እኛም አምነን አደግን። ሁላችንም አንድ ዓይነት ስለነበርን ማን በማን ይስቃል? እኔ ጥርሴ የሰው ጥርስ እንዳልሆነ የተነገረኝ አግብቼ ሮቤ ስመጣ ነው።

የከተማ ሰው ደግሞ አፉ አያርፍ! አንዱ መጥቶ «ጫት ታበዢያለሽ መሰለኝ» ይለኛል። ሌላዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ያዘነች መስላ፣ «ሲጋራ ነው እንዴ?» ትለኛለች። ጫት በአፌ ዞሮ አያውቅም! ሲጋራ ለደንበኛ ስሸጥ እንኳ ሽታው ያስነጥሰኛል። በየቀኑ ጠዋት ለሱብሒ ስነሳ መፋቂያዬን ይዤ ነው የምነሳው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስፍቅ ኖሬ አንድ ነገር አልለቀቀም። ይባስ ብሎ የምሸጠው የጥርስ ሳሙና ካርቶን ላይ ያለችው ሴትዮ ከመደርደሪያው ላይ ሆና ቀኑን ሙሉ ትገለፍጥብኛለች። አንዳንድ ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞራታለሁ።

ልጄ ግን ጥርሷ ወተት ነው። ለምን አይሆን? የባሌን ውሃ ጠጥታ ነዋ ያደገችው።

የሚያገባት ልጅ የጎባ ልጅ ነው፤ ሥራው ግን ታች ቆላ፣ እኔ ከተወለድኩበት ብዙም በማይርቅ ከተማ ነው። ልጁን አልጠላሁትም። ሰው ያከብራል፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ ነው የሚያወራኝ። ልጄ እሱን ስታነሳ ፊቷ ሁሉ ይበራል። የፈራችው እናቱን ነው፤ በጎባ የተከበሩ፣ ነገር የሚያውቁ ሴት ናቸው ይባላል።

«በእናትሽ ታፍሪያለሽ?» አልኳት።

«አላፍርም እማ! ሰው እንዳያወራ ብዬ ነው።»

ሰው እንዳያወራ! ይህች አገር በሰው ወሬ ነው የምትተዳደረው። ደሜ ቢፈላም የእናት ሆድ ሞኝ ነው፣ ማታ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣ «ጥርስሽን እናንጣው» ስትለኝ እሺ አልኳት። በቤት ውስጥ ጥርስ ማንጫ እያለ የሚያስተምር መዓት ነው። አንዲቷ ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ነገር ታሳያለች፤ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይቻላል አሉ። ልጄ ዋጋውን ስትነግረኝ ለእኔ ጥርስ ሳይሆን ለቤቱ ጣሪያ መስሎኝ ነበር። «ርካሹን አሳዪኝ» አልኳት። ርካሹ ከሰል፣ ሶዳና ሎሚ ሆነ። ሦስቱም እጄ ላይ አሉ።

በከሰሉ ጀመርኩ። ወቀጥኩት፣ ነፋሁት፣ በጣቴ ፈተግኩት። ባለቤቴ ከጓሮ ሲገባ አፌ ጥቁር ሆኖ አየና በሩ ላይ ቆመ። «ምነው፣ ምድጃ ላስሽ እንዴ?» አለኝ። ነገሩን ስነግረው «ጥርስሽ ደግሞ ምን ሆነ?» አለኝ፤ ይህን ሁሉ ዘመን አብሮኝ ኖሮ እውነቱን ነው፣ አያየውም። አላህ ይስጠው። እኔ ግን አንዴ እልህ ይዞኛል። ከሰሉ አልሠራ ሲል ሶዳውን በሎሚ በጥብጬ፣ ጨው ጨምሬበት፣ ይዤው ቆየሁ። ሲያቃጥለኝ «እየሠራ ነው ማለት ነው» አልኩ። ያቺ ስልክ ላይ ያለችው ልጅ እንዲያ ብላለቻ! በነጋታው ደግሜ አደረግኩት፤ ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ቀን ጠዋት ድዴ አብጦ፣ ተልጦ፣ ከንፈሬ ከንፈር አልመስል ብሎ ተነሳሁ። ጥርሴ? ያው ቡናማ።

በባለቤቴ ቤተሰብ ልማድ ለሽማግሌ የሚቀርበው ጭኮ ነው፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅመም ቅቤ ታሽቶ። የልጅቷ እናት ራሷ ታቀርባለች፣ ራሷ ከዳር ቀምሳ «ብሉ» ትላለች። ከቀመሰች ልቧ ፈቅዷል። ካልቀመሰች ደግሞ ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቃትም፤ መልሷ ያ ነው።

እኔ ይህ ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም። ግን ያን ቅመም በተላጠ ድድ እንዴት አድርጌ ላስገባው! ጠዋት ውሃ እንኳ ስጎነጭ እንባዬ መጥቷል። ሻሼን አፌ ላይ ጥብቅ አድርጌ ጭኮውን አስቀመጥኩና በእጄ «ብሉ» አልኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ ጠበቁኝ። ባለቤቴ አየኝ። «እናቲቱስ ምን ትላለች?» አሉ ሽማግሌው ረጋ ብለው። እሺ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ፤ እነሱ ግን እምቢ ያልኩ መሰላቸው። አፌን ብከፍት ያን ያበጠ ነገር ሊያዩ ነው፤ ልጄ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ናት፤ «አትሳቂ» ያለችኝ ቃል ጆሮዬ ላይ አለ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ በእኔ ግን መዘዝ ገባ። ሽማግሌው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሌሎቹም አስቀመጡ። ዱዓ አድርገው፣ ጭኮውን ሳይነኩት ወጡ።

በማግስቱ መልእክት መጣ። «የእናቲቱ ልብ አልፈቀደም፤ እኛም በግድ ልጅ አንወስድም።»

ልጄ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «ለምን አልቀመስሽም? እማ፣ ለምን ቃል አልተነፈስሽም?» ትለኛለች።

ያኔ ፈነዳሁ። «አትሳቂ አልሽኝ፣ አልሳቅኩም! ጥርስሽ ይንጣ አልሽኝ፣ አፌን በሎሚ ጠበስኩት! አሁን ደግሞ ለምን ዝም አልሽ ትይኛለሽ? አንዱን ምረጪ እንጂ!» ስል ከንፈሬ ተሰንጥቆ ደም መጣ። ልጄ ደሙን አይታ ልቅሶዋን አቆመች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አፌ እንዲህ መሆኑን አላወቀችም ነበር፤ ከእሷም ነበር የደበቅኩት።

ሱቁን ዘግቼ የጎባ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ መስኮቱን ከፍቶ ሲጣራ ከተራራው የሚወርደው የሳኔቲ ብርድ ድዴ ላይ እንደ መርፌ ተሰካብኝ። መጀመሪያ ወደ ሐኪም ሄድኩ። ጥርስ የምታየዋ ወጣት ሐኪም መብራት አብርታ አየችኝና «በምን ነው ያቃጠልሽው?» አለች። ነገርኳት። ቀጥላ የት እንዳደግኩ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች።

«ይህ ላዩ ላይ የተለጠፈ አይደለም። ጥርሱ ገና ከድድ ሳይወጣ፣ ሲሠራ፣ ውስጡ የገባ ነው። በልጅነትሽ የጠጣሽው የጉድጓድ ውሃ ነው ያመጣው። በሎሚ ብትፍቂው ጥርሱ ያልቃል እንጂ አይነጣም። ለስላሳ ብሩሽ፣ ሳሙና፣ በቃ» አለችኝ።

«ውሃውን አፍልተን ብንጠጣውስ ኖሮ?»

«በማፍላት አይወጣም።»

ከዚያ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ንዴቴን የማደርስበት ቦታ አጣሁ። አባቴ ትዝ አለኝ፤ ያ ጉድጓድ ሲቆፈር ሴቱ እንዴት እልል እንዳለ፣ በግ እንዴት እንደታረደ ሲያወራ አይጠግብም ነበር። ከወንዙ ውሃ ተቅማጥ ገላገለን ብለው አመስግነዋል፤ እውነትም ገላግሏቸዋል። ግን የቆፈሩት ሰዎች ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ መርምሮ ለአባቴ የሚነግር አንድ ሰው እንዴት ያጣሉ? ጭብጨባውን ተቀብለው ሄዱ። እኛ ደግሞ ሙቀቱ ነው እያልን፣ አፋችንን በእጃችን ከድነን አደግን። ለፎቶ ተሰብስበን ስንቆም የአንዳችንም ጥርስ አይታይም።

በዚያው ንዴት የልጁ እናት ቤት ደረስኩ። «አካም ጅርቱ» አልኩ፤ ሰላምታዬን መለሱ፣ ወንበር ግን ቶሎ አላሳዩኝም። እኔም አልተቀመጥኩ።

«አዴ፣ ንቄያችሁ አይደለም» አልኩና ሻሼን ከአፌ አወረድኩት። «ይዩኝ!»

ቀረብ ብለው አዩኝ። «ሱብሃነላህ! ምን አገኘሽ?»

ከሰሉን፣ ሶዳውን፣ ሎሚውን ሁሉ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ፤ ከዚያ ግን አልቻሉም፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ለእኛ ብለሽ? እኛ እኮ ሴትየዋ ኮርታብን ነው ብለን ሌሊቱን ሙሉ ስናማሽ አደርን!» እኔም ሳቅኩ፣ ድዴን እየያዝኩ። ወተት አመጡልኝ፣ ቀዝቃዛ፤ ያን ቀን አፌ የተቀበለው እሱን ብቻ ነው።

«ኧረ ለመሆኑ ጥርስሽን ምን ነካው?» አሉኝ ወተቱን እየጠጣሁ።

«ውሃው ነው፣ አዴ። የአገሬ ጉድጓድ ውሃ። ሐኪሟ አሁን ነገረችኝ፣ ሕፃን ሆኖ የጠጣው ነው እንዲህ የሚሆነው።»

«የቱ አገር?»

ነገርኳቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ልጄ ሥራ የያዘበት ጎን አይደለም እንዴ?» አሉ።

ወተቱን አስቀመጥኩት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማስበው ስለ ልጄ ሠርግና ስለ እኔ ጥርስ ብቻ ነበር። ልጄ ትልቅ ሰው ናት፣ ጥርሷ በቅሏል፣ ምንም አይሆንም። ግን እዚያ ትወልዳለች። እዚያ ያንን ውሃ በጡጦ ታጠጣለች። ለሁለታችንም ያልተወለደ ልጅ አፍ ታየን።

ሽማግሌዎቹ ድዴ ሲድን ተመልሰው መጡ። ጭኮውን አቀረብኩ፣ ቅቤው ከሚንጣለልበት መሃሉ ቆርሼ ቀመስኩ፣ «ብሉ» አልኩ። ቤቱ ሁሉ ተነፈሰ።

«እንግዲህ ልብሽ ፈቀደ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ፈቅዷል። ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ።»

ባለቤቴ ደነገጠ። ወርቅ ልትጠይቅ ነው ብለው ተያዩ።

«ወርቅ አይደለም። ልጅ ሲወልዱ ልጁ የጉድጓዱን ውሃ እንዳይጠጣ ነው። ሙሽራው ከጣሪያው አሸንዳ ይግጠም፣ ከሥሩ ታንከር ይትከል፣ ለልጁ የዝናብ ውሃ ያጠራቅም። ይህን ቃል ይግባልኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ። «ወይ ጉድ! ውሃ ደግሞ የጋብቻ ጉዳይ ሆነ? የቧንቧ ውሃ እኮ ነው፣ ንጹህ ነው፣ አገር ሁሉ ይጠጣዋል።» ሌሎቹም ተከትለው ሳቁ። ንጹህ ነው! ቧንቧውስ ከጉድጓድ አይደል የሚሞላው? ለአባቴም እንዲሁ ነው የተባለው። ልመልስላቸው ስል እጄ በልማዱ ሻሼን ይዞ ወደ አፌ ሄደ።

ልጄ የእጅ ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሙሽራ እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ ቃል አትናገርም። ማስታጠቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ገባች፤ እጄን ያዘችኝ፣ ሻሼንም ከፊቴ ላይ ራሷ አወረደችው።

«እማ፣ አሳዪያቸው» አለች።

አፌን ከፈትኩ። የሳቁት ሽማግሌ ሳቃቸው መሃል ላይ ተቋረጠ። አንገታቸውን አስግገው አንዱን ጥርስ አዩ፣ ሌላውን አዩ፤ «ያ ረቢ፣ ይህን ውሃ ነው ያደረገው?» አሉ። አብሯቸው ወደመጣው የልጁ አጎት ዞር ብለው «አሸንዳውን ከሠርጉ በፊት ይግጠም» አሉት። እኔ አፌን እንደከፈትኩ ነበር። መንጋጋዬ ደከመኝ፤ ልጄ ግን እጄን ይዛ ሁሉም አይተው እስኪጨርሱ አጠገቤ ቆመች፣ ዝጊም አላለችኝም።