ለደሴቷ የተሳለ መጋረጃ

ሰበታ ውስጥ የሺጥላ በር ያልገጠመለት፣ የመስኮት ፍርግርግ ያልበየደለት ወይም የውኃ ታንከር መቆሚያ ያላቆመለት ግቢ ጥቂት ነው። ሰውየው ብረት መውደድ ብቻ ሳይሆን በብረት ያምናል። አልጋ ቢንቋቋ፣ አጥር ቢያዘም፣ የጎረቤት በግ ጓሮ ብታበላሽ የእሱ መልስ አንድ ነው፤ ሜትሩን ከኪሱ ያወጣል። ሚስቱ ቤተልሄም፣ «ራሴን አመመኝ ብለው የብረት ቱቦላሬ ቆርጦ ነው የሚመጣው» እያለች ጎረቤት ታስቃለች። እሱም አብሮ ይስቃል። በልቡ ግን ለራስ ምታትም ቢሆን ተበይዶ የሚሆን ነገር አይጠፋም ብሎ የሚያስብ ዓይነት ሰው ነው።

እናቱን ወይዘሮ ማሪቱን የያዛቸው ጭንቀት ግን በብየዳ የሚመለስ አልነበረም። በልጅነታቸው ባላቸውን ተከትለው ከወሎ ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ የምትባለው ከተማ ወረዱ። ባልየው የመንግሥት እርሻ ላይ ሲሠሩ፣ እሳቸው ሁለት ልጅ ወልደው ሁለቱንም ቀበሩ። ሦስተኛውን ያረገዙ ጊዜ ሐይቁ ዳር ቆመው፣ ማዶ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ላለችው ማርያም፣ ይኼኛውን ካሳደግሽልኝ ለመቅደስሽ መጋረጃ ራሴ ይዤ እመጣለሁ ብለው ተሳሉ። ያደገው የሺጥላ ነው። ከዚያ ባልየው ሰበታ ፋብሪካ ገቡና ቤተሰቡ ከዝዋይ ወጣ። ዛሬ ነገ ሲባል ልጁ ጎልማሳ ሆነ፣ ባልየው ሞቱ፣ የወይዘሮ ማሪቱም ጉልበት ከዳቸውና ከአልጋ እስከ በረንዳ ለመድረስ ሰው የሚደግፋቸው ሆኑ።

«ስለት በልቼ ልሙት?» ይሉታል ልጃቸውን፣ ከሥራ ሲገባ ጠብቀው።

አንድ ቀን፣ «በሰው እንላከው እማዬ፤ ማርያም እንደሆነች ታውቅሻለች» ቢላቸው፣ «አንተን በሰው ነው የላከችልኝ?» ብለው ሦስት ቀን አኮረፉት።

ባለፈው ዓመት መስከረም ሲጠባ የሺጥላ ቆረጠ። ከሄዱ ደግሞ ሁሉም ይሄዳሉ። ከሱሉልታ የእናቱ ታናሽ ወንድም፣ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን የያዛቸው ጋሽ አሥራት፤ ከቡራዩ እኅቱ ከነሕፃኗ፤ ከቤት ቤተልሄምና ልጁ ያኔት። ኮሌጅ የምትማረው ያኔት፣ ስልኳ ላይ ባለ ብዙ ፎቅ መርከብ ለአያቷ እያሳየች፣ «የቤተሰብ ክሩዝ ልንወጣ ነው እማማ» አለቻቸው። ወይዘሮ ማሪቱ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩትና፣ «ለእኔ ቁና የምታህል ታንኳ ትበቃኛለች» አሉ።

የሺጥላ ባቱ ድረስ ወረደ። ሊቤ ከሚባል፣ ደሴቷ ላይ ተወልዶ ካደገ ባለ ጀልባ ጋር ተስማማና ጀልባውን ለካ። እየሣለ፣ እየሰረዘ፣ ሁለት ወንበር ሠራ፤ ለሁለት ሰው መሸከሚያ እጀታ ያለው፣ ጀልባው ወለል ላይ በብሎን የሚታሰር፣ ስፖንጅ የለበሰ፣ የደረት ቀበቶ የተገጠመለት። ከዳር ወደ ጀልባ መሻገሪያም ከላሜራ አበጀ። እውነቱን ለመናገር ቆንጆ ሥራ ነበር። ባቱ ወስዶ ጀልባው ላይ ሲሞክረው፣ ሊቤ ወንበሩን በሁለት እጁ ነቅንቆ እንቢ ሲለው ሳቀ። ከዚያ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ውኃው ላይ ረጅም ሰዓት ነው» አለ። «እኛ ወንዶቹ ወደ ኋላ ዞር ብለን እንገላገላለን። እናትህስ?»

የሺጥላ አንገቱን ሰበረ። «እሱን ቤት እንነጋገርበታለን» አለና ስለ ብሎኑ መልሶ ጠየቀው።

ቤት የተነጋገሩት እንዲህ ነው። የኅዳር ጽዮን ግርግር ካለፈ በኋላ፣ ለጉዞው ሁለት ቀን ሲቀር፣ ሁሉም ሰበታ ተሰበሰቡ። እራት ላይ የሺጥላ ጉሮሮውን ጠረገና ያኔትን እያየ፣ «ልጆች፣ ጀልባው ላይ መጸዳጃ የለም። ከመውጣታችሁ በፊት ጣጣችሁን ጨርሱ» አለ። ልጆች ይበል እንጂ ለማን እንደተናገረ ጠረጴዛው ዙሪያ ያልገባው የቡራዩዋ ሕፃን ብቻ ናት። ሽንት የሚለውን ቃል በእናቱ ፊት አውጥቶ አያውቅም። ሌሊት ሌሊት ቤተልሄም ለእናቱ ፖፖ ይዛ እንደምትገባ እያወቀ፣ በሩ ሲንቋቋ የተኛ መስሎ ነው ዓመታት የኖረው።

ቤተልሄም ግን ነገር ማለባበስ አትወድም። «እኔ ፖፖውን በጨርቅ ጠቅልዬ እይዛለሁ። በነጠላ እንከልላቸዋለን፣ ምን አለበት?» አለች።

ወይዘሮ ማሪቱ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት። ጋሽ አሥራትም ቀና አላሉም።

«ተይ አንቺ ደግሞ፣ ምግብ ላይ» ብሎ የሺጥላ ቆረጣት። ነገሩም በዚያው ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ማሪቱ የቀረበላቸውን ውኃ በእጃቸው ገፋ አደረጉ። «እኔና አሥራት ለማርያም ብለን ጾም ይዘናል። ደሴቷን እስክንረግጥ እህል ውኃ አንቀምስም» አሉ። ጊዜው ጾመ ነቢያት ነበር፤ ማንም አልገረመውም። አልበላም ያለን ሰው ቤተሰቡ በማርያም በገብርኤል ይለምነዋል፣ ያጎርሰዋል፣ ይቆጣዋል። ጾም ነኝ ያለን ሰው ግን ማን ይነካዋል? ቤተልሄም ብቻ፣ «የደም ግፊት ኪኒንዎስ?» ብላ ጠየቀች።

«በምራቄ እውጠዋለሁ» አሉ።

የጉዞው ዕለት ጎረቤታቸው ኦቦ ዲሪርሳ ሚኒባሱን ገና ሳይነጋ በር ላይ አቆመ። «አካም ቡልታን፣ አዴ ማሪቱ?» አለ፣ ወርዶ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ብሎ እጅ እየነሳ።

«ነጋ፣ ገለተ ዋቃ» አሉ ወይዘሮ ማሪቱ፣ ደህና፣ ፈጣሪ ይመስገን ሲሉት። የታጠፈውን መጋረጃ በጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ደስ ብሏቸው፣ እንደ ሙሽራ ቀድመው ለመግባት ቸኩለው ነበር። ከንፈራቸው መድረቁን ያየ ሰው ካለ ከጾም ቆጥሮታል። ባቱ እስኪደርሱ በመንገዱ ሁሉ የድሮ የዝዋይ ጎረቤቶቻቸውን ሲያነሱ ሄዱ።

ሐይቁ ዳር የየሺጥላ ሥራ ሁሉ እንዳሰበው ሰመረ። ሁለቱን ሽማግሌዎች ከነወንበራቸው አንስተው፣ በላሜራው ላይ አሻግረው፣ ብሎኑን አጠበቁ። ዳር የቆሙ ሰዎች አደነቁ። ጀልባው ሲነሳ የሺጥላ ከእናቱ ጀርባ ተቀመጠ፤ በሕይወቱ እንደዚያን ጊዜ ኮርቶ አያውቅም።

ፀሐይዋ ከረር ስትል ያኔት ለአያቷ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ዘረጋች። «ጾም ነኝ ልጄ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከደሴቷ ሳይነቅሉ። ጥቂት ቆይተው የባላቸውን ስም ጠሩ። የየሺጥላ እኅት አባቷን ያስታወሱ መስሏት እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ዝም አሉ። ያኔት በስልኳ እየቀረጸች ነበር፤ ከኋላቸው ደሴቷ እያደገች ስትመጣ፣ አያቷ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ልክ እንደ ፎቶ። ቀበቶው ደረታቸውን ይዟቸዋል፣ ስፖንጁ አንገታቸውን ደግፎታል። የሺጥላ ያን ወንበር ባያሳምረው ኖሮ ወደ አንድ ወገን ይወድቁ ነበር፣ ሰውም ያያቸው ነበር። መጋረጃው ከጉልበታቸው ተንሸራቶ የጀልባው ወለል ላይ ሲወድቅና ሳያነሱት ሲቀሩ ነው ቤተልሄም ዘልላ ፊታቸውን የያዘችው።

ሊቤ ሞተሩን ቀዝቀዝ አደረገ። «ደሴቷ ትቀርባለች፤ ሐኪም ግን ወዲያ ነው» አለ፣ በአገጩ ወደ ኋላ እያመለከተ። «ወዴት ልሂድ?»

የደሴቷ ዛፎች አንድ በአንድ ይታዩ ነበር። የሺጥላ እናቱን አየ፣ ደሴቷን አየ፣ «ተመለስ» አለ።

ሐኪም ቤት ያገኙት ወጣት ሐኪም ቆዳቸውን ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀና፣ «ውኃ የጠጡት መቼ ነው? ሽንትስ መቼ ሸኑ?» ብሎ ጠየቀ። ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ፣ አንዱም አያውቅም ነበር። መጨረሻ ላይ ከበሩ ሥር፣ ከዚያው የብረት ወንበር ላይ ጋሽ አሥራት በተሳሰረ አንደበታቸው ተናገሩ።

«ከትናንት ወዲያ ማታ ጀምሮ ነው። ተማክረን ነው። ልጄ ተሸክሞኝ እላዩ ላይ ከሚያመልጠኝ ደርቄ ብሄድ ይሻለኛል አለች። ጾም ነን እንበላቸው ያልኳት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ፣ የግፊቱ ኪኒን ራሱ ውኃ ከሰውነት እንደሚያስወጣ፣ ያለ ውኃ ሲወሰድ እሳቸውን በሚያህል ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ አስረዳቸው። ግሉኮስ ተተከለ። በማግስቱ አንዴ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ደረስን?» አሉ። ቤተልሄም፣ «ቀርበናል እማማ» አለቻቸው። የሺጥላ እግራቸውን ይዞ ቆሞ ነበር። ኩላሊታቸው አልመለስ ብሎ በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ለቅሶ ደራሹ፣ «በጾም ላይ፣ በስለት መንገድ ላይ፣ ምን ያለ ያማረ ሞት ነው!» እያለ አጽናናው። የሺጥላ ያን በሰማ ቁጥር ድንኳኑን በሰው ላይ ቢያፈርስ ደስ ባለው። እናቱን የገደላቸው ጾም እንዳልነበረ ያውቃል። ይሉኝታ ነው፤ የእሳቸው ብቻ ቢሆን ምናለበት፣ የእሱም ነው። ከውድ ብረት ዙፋን ሠርቶላቸው፣ አንዲት ቃል ግን ከአፉ ማውጣት አቃተው። የቤተ መቅደስ መጋረጃ ታቅፈው የሄዱ ሴት የሚከለሉበት ቁራጭ ጨርቅ አጥተው ሞቱ። ይህን ለቤተልሄም ነገራትና እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷ፣ «ያኔ ልናገር ስል…» ብላ ጀመረችና ተወችው።

አርባው ሲወጣ የእናቱን ወንበር በግራይንደር ቆራረጠው። ከብረቱም ሌላ ነገር ሠራ፤ በሦስት ወገን ጨርቅ የሚዞረው፣ መሀሉ የተበሳ መቀመጫ ያለው፣ ከሥሩ ፖፖ የሚገባበት። ጋሽ አሥራትን ከሱሉልታ አምጥቶ እሱ ቤት አኑሯቸው ስለነበር፣ በሁሉም ፊት አሳያቸው። «ጋሼ፣ ይኼ የሽንት ነው። መጋረጃውን አብረን እናደርሳለን፤ ይኼን ጀልባው ላይ እናስረዋለን» አለ። ቃሉን ሲናገር ጆሮው ጋለ፣ ግን ተናገረ። ጋሽ አሥራት ጨርቁን በደህናው እጃቸው ዳሰስ አደረጉና፣ «ጎበዝ» አሉ።

ፋሲካ አልፎ በሃምሳው፣ ጉዞው ነገ ሊሆን፣ ቤተልሄም ቁርስ አቀረበች። ጋሽ አሥራት እንጀራውንም ውኃውንም አልነኩም።

«ተዪው» አሉ። «ጾም ነኝ።»

በሃምሳው ቀን ጾም የሚባል ነገር የለም፤ ይህን ደግሞ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው እቤት ውስጥ አልነበረም። የሺጥላ ብርጭቆውን አንስቶ አጠገባቸው ተንበረከከ።

«ሃምሳ ነው ጋሼ፣ ጾም የለም። ሽንትዎ ሲመጣ እኔ ነኝ የምይዝዎት። አይጠጡም ካሉ አንሄድም፣ መጋረጃውም ይቅር።»

ጋሽ አሥራት ቤተልሄምን እንድትወጣ በእጃቸው አመለከቱ፤ እሷ ስትወጣ ብርጭቆውን ተቀብለው፣ ግማሹ በደረታቸው ላይ እየፈሰሰ ጠጡት።

«ማሪቱንም እንዲህ ብትላት ኖሮ» አሉት፣ ሳይቆጡ፣ ብርጭቆውን እየመለሱለት።