ማይነስ ሠላሳ

ባለፈው ሳምንት ስልኬን ላሰራ በርበሬ በረንዳ ጋ አንድ ጥገና ቤት በር ላይ ቆሜ ሳለ፣ የቀለጠ ሊድ ሽታ ከበርበሬ ብናኝ ጋር አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሁለቱን ሽታ አንድ ላይ የማውቀው ቲቸር ንጉሤ ክፍል ነው።

ቲቸር ንጉሤ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ። የሚኖሩት ከበርበሬ ወፍጮ በላይ ነው። ወፍጮው ሲነሳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ጠመኔው ከጠረጴዛ ይንከባለላል፣ ልንማር የመጣን የሰፈር ልጆች ሁሉ እናስነጥሳለን። እሳቸው ግን ካውያቸውን ይዘው ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀሉትን ሬዚስተር ይበይዳሉ። እውነቱን ልናገር፣ አልወዳቸውም ነበር። ስንጠይቃቸው መልሱን አይነግሩንም፤ ሰው እንዴት እያወቀ ይደብቃል?

አስረኛ ክፍል ስጨርስ አባዬ ትምህርት ይበቃታል አለ። በርበሬ ሱቁ ውስጥ የሚያግዘው ሰው ፈልጓል። ቲቸር ይህን ሲሰሙ አስጠሩት። በንዴት ፊቱ እንደ ሥራው በርበሬ መስሎ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«አክብሬዎት ነው የመጣሁት። ልጅቷ ግን ሰኞ ሱቅ ትገባለች።»

«አንድ ጥያቄ ትሥራ፤ ካቃታት ውሰዳት» አሉት ቲቸር።

«እኔ ፊዚክስ አላውቅ፤ እንዳያሞኙኝ!»

«መልሱን መሣሪያው ይነግርሃል።»

ሳንቃ አመጡ። ላዩ ላይ ሽቦው ለሦስት ይከፈላል፤ ሦስቱም ላይ ሬዚስተር አለ። በግራው መንገድ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ በቀኙ አንድ፣ በመሀሉ ምንም። በየመንገዱ የሚሄደውን ከረንት አግኚ ተባልኩ።

ከረንት ወዴት እንደሚሄድ አይታይም። ገምተሽ ሰሌዳው ላይ ቀስት ትስያለሽ፣ ከዚያ ታሰያለሽ። እኔ ድንጋይ ካለበት ሁሉ ይመጣል ብዬ፣ ከግራም ከቀኝም ወደ መገናኛው አስገባሁና በመሀል አስወጣሁት። የገባው ያህል መውጣት አለበት። እጄ አልቦት ጠመኔው እየረጠበ እያንዳንዱን ዙር አስልቼ ጨረስኩ። ግራ መቶ ሃያ ሚሊ አምፔር። መሀል ዘጠና። ቀኝ ማይነስ ሠላሳ።

አባዬ ፊዚክስ አያውቅም፤ ማይነስ ግን ያውቃል።

«ይኸው! ከሰረች!»

ደንግጬ ሰሌዳውን ላጠፋ ጨርቁን አነሳሁ። ቲቸር ከእጄ ነጠቁኝ።

«አታጥፊ። ንገሪው።»

«አባዬ… ኪሳራ አይደለም። ቀስቱን በግምት ነው የሳልኩት። ቁጥሩ ልክ ነው፤ የሚሄደው ግን በተቃራኒው ነው። የግራዎቹ ድንጋዮች ስለበረቱበት በቀኙ ላይ መልሰው እየገፉበት ነው።»

«በአፍማ ማን ይሰንፋል! አሳዪኝ።»

ቲቸር ከረንት የሚለካውን አሚተር ገፋ አደረጉልኝ። በቀኙ መንገድ፣ በሳልኩት ቀስት አቅጣጫ ማስገባት አለብኝ። መርፌው ወደ ቀኝ ካለ ማይነሱ ስህተት ነው፣ አለቀልኝ፤ ሰኞ ሱቅ ነኝ። ሽቦውን ሁለቴ ሳትኩት። ታች ወፍጮው ተነሳና ጠረጴዛው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አባዬ ትከሻዬ ላይ ይተነፍሳል። ሽቦውን ነካሁ።

መርፌው ከዜሮ በታች ወደ ግራ ተወረወረና ጠርዙን መታ።

ጫፎቹን አገላብጬ አስገባሁ። ወደ ቀኝ ወጣ፣ ሠላሳ ላይ ሲደርስ ቆመ።

አባዬ ጎንበስ ብሎ አየው። ነጋዴ ነው፣ በዚህ ብቻ አያምንም። «ከግራ መቶ ሃያ መጣ… ሠላሳው በቀኝ ወጣ፣ ዘጠናው በመሀል…» አለና በጣቱ ደመረ። «ገጥሟል።»

ቀና ብሎ ቲቸርን «አሁን ስንት ክፍል ይቀራታል?» አላቸው።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሷ እዚሁ ቆማ የለ?»

ወደ እኔ ዞሮ «ስንት ይቀርሻል?» አለኝ። አባቴ ስለ ራሴ ጉዳይ እኔን የጠየቀኝ ያኔ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ሁለት» አልኩት።

ሰኞ ሱቁን ብቻውን ከፈተ። ቲቸር ንጉሤ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አረፉ፣ ስመረቅ አላዩኝም። አሁን ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ። ዘመዶች ቤት መጥተው አባዬን «ልጅቷ ምን አሰበች?» ሲሉት፣ እሱ ሻዩን ያስቀምጥና ወደ ጓዳ ይጣራል።

«ነይ እስኪ፣ አንቺው ንገሪያቸው።»