ከክዋሜ የደበቅኩት ውጤት

መጀመሪያ ያስታወቀን ሸሚዝ ነው። ባለቤቴ ክዋሜ ለማስተማር ሊወጣ ሲለባብስ የአንገቱ ቁልፍ እምቢ አለው። «አጥበሽ አጠበብሽው» ብሎ ተቆጣኝ። አንገቱን ስዳስሰው ከጆሮው በታች እብጠት አለ። አያመውም። እኔ ከዴንቨር ከተማ አጠገብ፣ አውሮራ ውስጥ አረጋውያንን የምንከባከብ የነርስ ረዳት ነኝ፤ የማያም እብጠት ደስ አይለኝም።

ክዋሜ ጋናዊ ነው። አገሩ ሁለተኛ ደረጃ ሲያስተምር፣ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በትምህርት ቤቱ ታይፕራይተር ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ጻፈ። ሦስት መጻሕፍት አሳትሟል። አሜሪካ፣ ዴንቨር ለአንድ ዓመት ሊያስተምር መጥቶ ቀረ፤ የተዋወቅነው እኔ እዚያው ካፒቶል ሂል ሰፈር ተከራይቼ ሳለሁ፣ የኮልፋክስ ጎዳና አውቶቡስ ላይ ነው። አሁን ሎውሪ ሰፈር እንኖራለን። ያኔ አራተኛውን መጽሐፍ ለመጨረስ አንድ ምዕራፍ ቀርቶት ነበር።

ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ ባዮፕሲ ተደረገ። እሱ ስልክ ስለሚጠላ የሆስፒታሉን አፕ የምከፍተው እኔ ነኝ። ውጤቱ ወጣ። ሊምፎማ ይላል፤ የንፍፊት ካንሰር። በረንዳ ላይ ቆሜ ሦስቴ አነበብኩት።

አልነገርኩትም። እኛ ቤት ክፉ በሽታ ለታማሚው አይነገርም፤ እናቴም ሕመሟን ሳታውቅ ነው ያረፈችው። መጽሐፉን ይጨርስ ብዬ ቀጠሮውን ካንስል አደረግኩ። «ውጤቱ ዘግይቷል» አልኩት። ለጸሎት ጓደኞቼ ግን ነገርኩ። ምን ላድርግ፣ ብቻዬን አልቻልኩትማ!

እነሱ ደግሞ ከሞንትቤሎ ሰፈር ድረስ ሾርባ ይዘው መጡ፤ በአዘኔታ እያዩት ስለ በረዶ አወሩ። ሲሄዱ፣ «ስንት ዓመት ረስተውኝ ዛሬ ምን አስታወሳቸው?» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ዓይኑ ከእኔ አልተነሳም። በረንዳ ስወጣ መጋረጃው ይንቀሳቀሳል። ስገባ የሚዘጋው ደብተርም አመጣ። እኔም በተራዬ ጠረጠርኩት፦ አውቆ ይሆን እንዴ?

በሦስተኛው ሳምንት ሻወር ሲገባ ደብተሩን ከፈትኩ። እያፈርኩ ከፈትኩ። «ማክሰኞ፣ ስልኳን ይዛ በረንዳ። ሐሙስ፣ አለቀሰች። ሽንኩርት ነው አለች። ቤት ውስጥ ሽንኩርት የለም።» መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ወይ ሌላ ሰው ይዛለች፣ ወይ እኔ ልሞት ነው። ምነው ሌላ ሰው በሆነ።»

ቁጭ አልኩ። ሲወጣ ነገርኩት። ሁሉንም። አልጮኸብኝም።

«ጊዜ ልትሰጪኝ ብለሽ ጊዜዬን ወሰድሽብኝ» አለ።

የካንሰር ሐኪሟ እኔን ሳይሆን እሱን እያየች፣ «ይሄ ዓይነቱ ይድናል። የሦስት ሳምንት መዘግየት ግን ቀላል አይደለም። በዚህ ሳምንት እንጀምር» አለችው።

ስድስት ዙር ኬሞ ወሰደ። ፀጉሩ ረገፈ፣ አፉ ቆሰለ፣ የሚወደው ቃሪያ እንኳ ጠላቱ ሆነ፤ ያም ሆኖ መድኃኒቱ በክንዱ እየገባ የመጨረሻውን ምዕራፍ እየነገረኝ እኔ ላፕቶፕ ላይ ጻፍኩለት፣ እንደ ሰነፍ ተማሪም እየገሠጸ አረመኝ። በመጨረሻ ስካኑ ንጹሕ ሆነ፤ ክፍል የተመለሰ ዕለት ያን ሸሚዝ ሲቆልፈው ሁለት ጣት የሚያስገባ ቦታ ተረፈው።

እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሟንም፣ ነርሶቹንም፣ ሾርባ ያመጡልንንም አመሰግናለሁ። እንደ እኔ አፑን ቀድማችሁ የምትከፍቱ፣ እባካችሁ ያያችሁትን ለታማሚው ንገሩት። ያበጠው የእሱ አንገት ነው።

ክዋሜ ይቅር ብሎኛል። ሆኖም ዛሬም ስልኬ ሲጠራ ከደብተሩ ቀና ብሎ ያየኛል። አልቀየመውም። ስፒከር ላይ አደርገዋለሁ።