ክርስትና ያላነሳሁላት ልጅ

መተማ ዮሐንስ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በአምላክ እንደማላምን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ደብቄም አላውቅም። አንዳንዱ ይስቅብኛል፣ አንዳንዱ ያማትብብኛል።

ባሏን ተከትላ ለሰሊጥ አጫጆች ልታበስል ከጎጃም የወረደች ሴት እኔ እጅ ላይ ወለደች። ባሏ ለሥራ አብደራፊ ሄዷል፤ እዚህ ዘመድ የሚባል የላትም። ልጅቱ ሰማንያ ቀኗ ሲቃረብ አቅፋት መጣችና «ሲስተር፣ ክርስትና ያንሡልኝ» አለችኝ።

«እኔ እኮ አላምንም። በልጅሽ አፍ እንዴት ልዋሽ?»

«ሳትጠመቅ ንዳዱ ቢገድልብኝስ? ቤተ ክርስቲያን አትቀበርልኝም» ብላ እንባዋን ለቀቀችው። ስለ ንዳዱ ልከራከራት አልቻልኩም፤ የቆላ ወባ ስንቱን ሕፃን እንዳጣደፈ የማውቀው እኔ ነኝ።

እሺ ማለት ቀላሉ ነበር። ግን ክርስትና እናት ስለ ልጅቱ «አምናለሁ» ብላ ቃል ትሰጣለች፤ ስታድግም ሃይማኖቷን ታስተምራታለች። የሌለኝን ከየት አምጥቼ ልስጣት? «እኔ አልሆንም፤ የምትሆን ግን አመጣልሻለሁ» አልኳት።

እንግዲህ አማኝ ፍለጋ በየደጁ ዞርኩ። ሁሉም «የቀን ሠራተኛ ናት፤ ነገ አገሯ ስትገባ ክርስትና ልጄን የት አገኛታለሁ?» ይላል። በመጨረሻ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ጉምሩኩ አጠገብ ለሹፌሮች ሻይ ትሸጣለች፤ ባየችኝ ቁጥር «ንስሐ ግቢ» እያለች የምትነዘንዘኝ እሷ ናት። እሷም እንደ ሌሎቹ «ነገ አገሯ ስትገባ የት አገኛታለሁ?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «አንቺ ሴትዮ፣ የማላምነው እኔ በዚህ ፀሐይ ስንከራተት፣ የምታምኚው አንቺ ቁጭ ብለሽ ብርጭቆ ታጥቢያለሽ? ስልክ የለም? መኪና የለም? ነይ፣ መጀመሪያ ልጅቱን እያት።»

እያጉረመረመች መጣች። ሕፃኗን ተቀብላ አቀፈቻትና እናትየውን «አይዞሽ፣ አበልጄ» አለቻት። አበልጅ ከተባባሉ እንግዲህ ዘመድ ናቸው፤ ጎጃም ብትገባም ዝምድናው አይፈታም።

የክርስትናው ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ጎረቤቴ ልጅቱን አቅፋ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ካደች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራ «አምናለሁ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቅንጣት ጥርጣሬ የለም። ሕፃኗ ከውሃው ስትወጣ አለቀሰች፤ እናትየው ተደፍታ መሬት ሳመች። ደስታው እኔንም አላስችል አለኝ፤ እልልታዬን አቀለጥኩት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኛ! ዋሽቼ እኔ አቅፌያት ቢሆን ኖሮ አንገቴን ደፍቼ ነበር የምወጣው።