ጋሼን እንዴት ልጠይቅ

ዙልፋ በአሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ አጠገብ ኦቤትስ በሚባለው ቦታ ባለ የሕክምና ዕቃ መጋዘን ስትቀጠር ሥራዋ ካርቶን ማሸግ ነበር። ከደሴ ከመጣች ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ አንድ ዕድል ከፈተ፤ አብዛኛውን ሳምንት እየሠሩ፣ አንድ ቀን ኮሌጅ እየገቡ በፕሮጀክት ማኔጅመንት ዲግሪ መያዝ። ወጪውን የሚችለው ድርጅቱ ነው። ባሏ ሃቢብ "አፕላይ አድርጊ፣ ምን ይቀርብሻል?" አላት። አመለከተች፤ ተቀበሏት።

የሚከብዳት ትምህርቱ መስሏት ነበር። ሬይኖልድስበርግ ባለው ቤታቸው፣ ከእራት በኋላ ከልጇ ከሸይማ ጎን ተቀምጣ ታነባለች። ያልገባትን ስትጠይቃት ሸይማ በእንግሊዝኛ ታብራራለች፤ ዙልፋ ደግሞ ያንኑ ለራሷ በአማርኛ መልሳ ትለዋለች። እንዲህ እያለች የመጀመሪያውን ዓመት በደህና ውጤት አለፈች። በሁለተኛው ዓመት የምትመራው እውነተኛ ፕሮጀክት ተሰጣት፤ የማሸጊያውን ክፍል ከአሮጌው ሕንጻ ወደ አዲሱ ማዛወር።

ዕቃ የሚያነሱት መኪኖች፣ የፎርክሊፍቶቹ ነጂዎች አለቃ ጋሼ ሳላሃዲን ይባላሉ። ዙልፋ አዲስ መጥታ መኪና ሳይኖራት፣ ያን ሁሉ በረዶ በመኪናቸው ወደ ሥራ ያመላለሷት እሳቸው ናቸው። አሁን በየሳምንቱ ስብሰባ፣ መደርደሪያዎቹ መቼ እንደሚነሡ እሳቸውን የምትጠይቀው እሷ ሆነች። ሥራው ዘግይቷል። ተራቸው ሲደርስ ግን ዙልፋ አንገቷን ደፍታ ወደሚቀጥለው ሰው ታልፋለች።

ይህን ያስተዋለችው ድርጅቱ የመደበላት አሠልጣኟ ሰምሀል ናት። ሰምሀል እዚሁ ኮሎምበስ የተወለደች፣ አማርኛ ብትሰማም በእንግሊዝኛ የምትመልስ ወጣት ናት። ለብቻዋ ጠርታ፣ ፕሮጀክት የሚመራ ሰው ሥራው መጠየቅ መሆኑን ነገረቻት። ዙልፋም ታላቅን ሰው በሰዎች ፊት "ለምን ዘገዩ?" ማለት እንደማይሆንላት አስረዳች። ሰምሀል ትንሽ አሰበችና፣ እንግዲያው ለብቻቸው ጠይቂያቸው አለቻት።

ዙልፋ ኢሜል ስትጽፍና ስታጠፋ ሰነበተች። በመጨረሻ በምሳ ሰዓት ወደ ዕቃ መጫኛው በር ሄደች። ጋሼ ሳላሃዲን ሰግደው ጫማቸውን እያሰሩ ነበር።

"ጋሼ፣ መደርደሪያው ለምን እንደዘገየ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት" አለች። "ስብሰባው ላይ ፈርቼ ነው።"

ቀና ብለው አዩዋት። "እኔም እስክትጠይቂኝ ስጠብቅ ነበር። ነጂዎቹ ልጆች፣ ዕቃው ሲዛወር የማታው ሺፍት ይዘጋል ሲባል ሰምተዋል። የገዛ እንጀራውን ለመዝጋት ማን ይቸኩላል? እውነት ነው ወይ?"

"አላውቅም" አለች ዙልፋ። "ጠይቄ እነግርዎታለሁ።"

ከሰምሀል ጋር ሆነው ሥራ አስኪያጁን ጠየቁ። ወሬው ግማሹ እውነት ነበር። ከሥራ የሚባረር የለም፤ የማታዎቹ ግን ወደ ንጋት ሺፍት ይዛወራሉ። ሥራ አስኪያጁ ሊነግራቸው ያሰበው ዝውውሩ ካለቀ በኋላ ነበር። ዙልፋ "ከጨረሱ በኋላ ከሰሙ፣ ሁለተኛ ምንም ነገር ልጠይቃቸው አልችልም" አለች። ሥራ አስኪያጁ ወዲያው እሺ አላለም። ቀናት ወስዶ ነው ነጂዎቹን ሰብስቦ ሁሉንም የነገራቸው።

ብዙዎቹ ቅር ቢላቸውም ተቀበሉት። መደርደሪያዎቹም መነሣት ጀመሩ። ፋንቱ የምትባለው ነጂ ግን ጠዋት ልጆቿን ትምህርት ቤት የሚያደርስላት ሰው አልነበራትም። ዙልፋ ሌላ ሰዓት እንዲፈልጉላት ለመነች፤ አልተገኘም። ፋንቱ ሌላ ሥራ አግኝታ ሄደች። በሄደችበት ቀን ተቃቅፈው ተሰነባበቱ፣ ዙልፋ ግን ያን ቀን ምሳዋን እንኳ አልቀመሰችም።

ዝውውሩ ከታሰበው ጊዜ አልፎ ተጠናቀቀ። ዙልፋ መዘግየቱንና ምክንያቱን ሳትሸሽግ ለአለቆቿ አቀረበች፤ ለኮሌጁም ጻፈችው። መምህሯ የሰጣት ውጤት መካከለኛ ነው፤ ነጂዎቹን ከመጀመሪያው ማነጋገር ነበረብሽ ብሎ ጽፎላታል። አንብባ "ልክ ነው" አለች።

ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ፍራንክሊንተን በሚባለው ሰፈር ያለውን የድርጅቱን ቢሮ የማደሱን ሥራ እንድትመራ ሰጥተዋታል። ዕቅድ ማውጣት ገና አልጀመረችም፤ ሰሞኑን ከጽዳት ሠራተኞቹ አንስታ በየክፍሉ እየዞረች ሰዎቹን እያነጋገረች ነው።